የልብን ጭንቀት የሚያክሙ ሰዎች እነማን ናቸው? አሠራራቸውስ እንዴት ነው?



ሰው ጥርሱን ሲያመው ወደ ጥርስ ሐኪም፣ ዓይኑን ሲያመው ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ እንደሚገባው ያውቃል። ልቡ ሲጨነቅ፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ትናንት ደስ ያሰኘው የነበረው ሥራ ዛሬ እንደ ድንጋይ ሲከብደው ግን የማንን በር እንደሚያንኳኳ አያውቅም። ብዙዎቻችን የምንይዘው መንገድ «ሆድ ይፍጀው» የሚለው ነው። ነገር ግን ሆድ ያልፈጀው ነገር ውሎ አድሮ በሥራ ላይ ስንፍና መስሎ፣ በቤት ውስጥ ቍጣ ሆኖ፣ በሰውነትም ላይ የራስ ምታትና የጨጓራ ሕመም ሆኖ ይወጣል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለሰውነት ሕመም ብቻ አይደለም።

ይሁን እንጂ ላለመደበቅ የቈረጠ ሰው ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመዋል። በየበሩ ላይ የተጻፈው ማዕረግ ልዩ ልዩ ነው፤ አንዱ የአእምሮ ሐኪም፣ ሁለተኛው የሥነ ልቡና ባለሙያ፣ ሦስተኛው የጋብቻና የቤተ ሰብ አማካሪ ይባላል። አሠራራቸውም እንደ ማዕረጋቸው ይለያያል። ከማይስማማው ሰው ዘንድ ደርሶ ተስፋ ቈርጦ የተመለሰ ሰው የከሰረው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛውን በር ለማንኳኳት የሚያስችለውን ድፍረት ጭምር ነው። ስለዚህ እነዚህ ባለሙያዎች ከምን ዓይነት ትምህርትና ኑሮ እንደ ተነሡ፣ በምንስ መንገድ እንደሚያክሙ ማወቅ ለራሳችንም፣ ለቤተ ሰባችንም፣ ከበታቻችን ለሚሠሩትም ይጠቅማል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ለማስረዳት እንዲመች አንድ ሰው በሐሳባችን እናቁም። በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ለብዙ ዘመን በትጋት የሠሩ ሰው ናቸው እንበል። የክፍሉ ሹም ከሆኑ ወዲህ በየወሩ በጉባኤ ፊት መግለጫ ማንበብ ግዴታቸው ሆኗል። በጉባኤው ዋዜማ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፤ ለማንበብ ሲነሡ ልባቸው ይመታል፣ ጕሮሯቸው ይደርቃል፣ ወረቀቱ በእጃቸው ላይ ይንቀጠቀጣል። ሦስት ጊዜ ያህል «አሞኛል» ብለው ቀርተዋል። አለቃቸውም ሥራ የጠሉ መስሏቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፈውባቸዋል። እኒህን ሰው ወደ ልዩ ልዩ አካሚዎች ብንወስዳቸው ምን ይደረግላቸው ይሆን?

በንግግር የማከም ሥራ በዘመናዊ መልኩ የተጀመረው በአውስትርያ ዋና ከተማ በቪየና ነው። በ1880 ዮሴፍ ብሮየር የተባለ ሐኪም በርታ ፓፐንሃይም የተባለችውን ወጣት ማከም ጀመረ። ይህች ወጣት የታመመ አባቷን ስታስታምም ሳለ ክንዷ ደንዝዞ፣ አነጋገሯም ተዛብቶ ነበር። የልቧን በዘረዘረች ጊዜ የሕመሙ ምልክት እንደሚቀልላት ሐኪሙ አስተዋለ። እርሷም ራሷ ነገሩን «የንግግር ሕክምና» አለችው፤ በቀልድም የጭስ ማውጫ መጥረግ ብላ ጠራችው። እውነቱን ለመናገር ያ ሕክምና ብቻውን ፈጽሞ አላዳናትም፤ ከዚያ በኋላም በሕክምና ቤት ተኝታ ነበር። ኋላ ግን ጤናዋን አግኝታ በ1904 በጀርመን አገር የአይሁድ ሴቶች ማኅበርን ለማቋቋም በቅታለች።

የነርቭ ሐኪም የነበረው ሲግመንድ ፍሮይድ ከብሮየር ጋራ ሆኖ ይህንና ይህን የመሰሉ ታሪኮችን በ1895 በመጽሐፍ አወጣ። ሳይኮአናሊሲስ የተባለው የፍሮይድ መንገድ መሠረቱ እንዲህ ነው፤ ሰውን የሚያስጨንቀው ብዙ ጊዜ እርሱ ራሱ የማያውቀው፣ ከልጅነት ጀምሮ የታፈነ ስሜት ነው። ስለዚህ ታካሚው ተጋድሞ ወደ ሐሳቡ የመጣውን ሁሉ ሳይመርጥ ይናገራል፤ አካሚው ከበስተኋላው ተቀምጦ ያዳምጣል። የሒሳብ ሹማችን ወደዚህ ዓይነቱ አካሚ ቢሄዱ ፈጥኖ ምክር አይሰጣቸውም። ጉባኤው በልጅነታቸው ያስፈራቸው የነበረውን ማንን እንደሚያሳስባቸው፣ መሾማቸውስ ለምን ከደስታ ይልቅ ፍርሃት እንዳመጣባቸው ቀስ በቀስ እንዲያስተውሉ ይረዳቸዋል። መንገዱ ረጅም ነው፤ በጥንታዊው ሥርዓት በሳምንት ብዙ ቀን እየተገናኙ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

በማዕረግ ላይ የተነሣው የመጀመሪያው ትልቅ ክርክርም በዚችው ከተማ ነው። ቴዎዶር ራይክ የተባለው የፍሮይድ ባልደረባ በሥነ ልቡና የዶክተርነት ማዕረግ ነበረው እንጂ የሕክምና ትምህርት አልነበረውም። ያለ ፈቃድ ያክማል ተብሎ በተከሰሰ ጊዜ ፍሮይድ በ1926 ስለዚህ ጕዳይ መጽሐፍ ጽፎ ተከራከረለት፤ ክሱም ፍሬ ሳያገኝ ቀረ። የፍሮይድ አሳብ ሐኪም መሆን ብቻውን ለዚህ ሥራ አያበቃም፤ ለሥራው የሚያስፈልገው ራሱን የቻለ ትምህርት ነው የሚል ነበር። የገዛ ልጁ አና ፍሮይድ ከዚህ ሥራ በፊት የሕፃናት አስተማሪ ነበረች። በኋላ በሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆነው ኤሪክ ኤሪክሰንም ሠዓሊ ነበር እንጂ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበረውም።

ሁለተኛው መንገድ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ካርል ሮጀርስ መጀመሪያ የእርሻ ትምህርት ተማረ፤ ቀጥሎ በኒው ዮርክ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ገባ፤ ያንንም ትቶ ወደ ሥነ ልቡና ተሻገረ። በሮቸስተር ከተማ የተበደሉና ጠባያቸው ያስቸገረ ሕፃናትን በሚረዳ ድርጅት ውስጥ 12 ዓመት ያህል ሠራ። በዚያ ሥራው ላይ ሳለ ስለ ልጇ ጠባይ ልትመካከር የመጣች እናት ነበረች። ሮጀርስ የልጁ ችግር እናትየው ልጁን ከመግፋቷ የተነሣ ነው ብሎ ሊያስረዳት ብዙ ደከመ፤ ነገር ግን አልተቻለም፤ ለመለያየትም ተስማሙ። እናትየው ከበሩ ስትደርስ መለስ አለችና «ለዐዋቂዎችስ ምክር ትሰጣላችሁ?» ብላ ጠየቀች። አዎን ባላትም ጊዜ ተቀምጣ በትዳሯ የደረሰባትን ሐዘን ትዘረዝር ጀመር። እውነተኛው ሕክምና የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ከዚህም የተነሣ ሮጀርስ የት ላይ እንደሚያመው የሚያውቀው ባለቤቱ ራሱ ነው የሚለውን አሳብ ያዘ።

በ1942 ባወጣው መጽሐፍ ወደ እርሱ የሚመጣውን ሰው ሕሙም ማለትን ትቶ ባለ ጕዳይ አለው። ከአካሚው ሦስት ነገር ይፈለጋል አለ፤ ይኸውም የባለ ጕዳዩን ስሜት ከውስጥ ሆኖ መረዳት፣ ሳይፈርዱ ማክበር፣ የማስመሰል ጠባይ አለመያዝ ናቸው። የሒሳብ ሹማችን ወደ እንዲህ ያለው አካሚ ቢሄዱ የተናገሩትን በጥሞና ሰምቶ መልሶ ያሰማቸዋል፤ «አይዞዎት፣ ምንም አይደል» ብሎ ነገሩን አያቃልለውም። በቢሮ የባለ ጕዳይን አቤቱታ ሳይሰሙ ውሳኔ የመስጠትን ጕዳት የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ጥቅም ሳይረዳ አይቀርም።

ሦስተኛውን መንገድ ካቀኑት አንዱ የደቡብ አፍሪቃ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ዮሴፍ ዎልፔ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጦር ሜዳ ድንጋጤ የታመሙትን ወታደሮች ያክም ነበር። ምስጢራቸውን እንዲናገሩ የሚያደርግ መድኃኒት ይሰጣቸው ነበር፤ ነገር ግን መናገራቸው ብቻ ዘላቂ ፈውስ አላመጣላቸውም። ከጦርነቱ በኋላ በጆሐንስበርግ በድመቶች ላይ ምርመራ አደረገ። በአንድ ሣጥን ውስጥ የደነገጠች ድመት በዚያ ሥፍራ ምግብ አትነካም። ከሣጥኑ ራቅ ባለ ቦታ ስትመግባት ግን ትበላለች፤ ምግቡን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት እያቀረቡ ቢሄዱ በመጨረሻ ከሣጥኑ ውስጥ ሆና ያለ ፍርሃት ትበላለች። ዎልፔ ይህንኑ ለሰው አውሎ በ1958 በመጽሐፍ አወጣው።

የጠባይ ሕክምና በሚባለው በዚህ መንገድ የሒሳብ ሹማችን ስለ ልጅነታቸው ብዙ አይጠየቁም። አስቀድመው ሰውነታቸውን ማዝናናትን ይለማመዳሉ፤ ከዚያም የሚፈሩትን ነገር እንደ ደረጃ ይዘረዝራሉ። መጀመሪያ መግለጫውን ለብቻቸው፣ ቀጥሎ ለባለቤታቸው፣ ከዚያ ለሁለት ባልደረቦቻቸው፣ በመጨረሻ ለጉባኤው ያነባሉ። አንዱ ደረጃ ሳይለመድ ወደ ሁለተኛው አይወጣም። የዛሬ ባለሙያዎች ማዝናናቱን ብዙ ጊዜ ይተዉታል፤ ከተፈራው ነገር ፊት መቆምን ግን ዋናው መድኃኒት አድርገው ይዘውታል።

አራተኛው መንገድ የአሮን ቤክ ነው። ይህ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በ1921 ተወልዶ በ2021 በ100 ዓመቱ ያረፈ ነው። መጀመሪያ የፍሮይድ ተከታይ ነበር። ዛሬ ድባቴ የሚባለው ከባድ ትካዜ በራስ ላይ የተመለሰ ቍጣ ነው የሚለውን አሳብ እውነትነት ለማስረዳት የሕሙማኑን ሕልም መረመረ። ያገኘው ግን ቍጣን ሳይሆን ማጣትንና መሸነፍን የሚያሳይ ሕልም ሆነ። ቤክም ማስረጃው ካልደገፈው አሳብ ጋራ አልቆየም። ሕሙማኑ በውስጣቸው «እኔ የማልረባ ነኝ፤ የያዝኩት ሁሉ ይበላሻል» የሚል ፈጣን ሐሳብ እንደሚመላለስባቸው አስተዋለ። ሕክምናውም ይህን ሐሳብ እንደ አንድ መዝገብ አውጥቶ መመርመር ሆነ።

የቤክ ተከታይ የሆነ አካሚ የሒሳብ ሹማችንን «ወረቀቱን ስታነቡ በሐሳብዎ ምን ያልፋል?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። «ብሳሳት ሁሉም ይስቁብኛል፣ ሹመቴም ይቀራል» ካሉት፣ ማስረጃው ምን እንደ ሆነ፣ ሌላ ሰው ሲሳሳት ጉባኤው ምን እንዳደረገ በወረቀት ጽፈው እንዲያመጡ ያዛቸዋል። ከዚያም በሥራ ላይ ይፈትኑታል። በ1977 የወጣ አንድ ጥናት 41 የድባቴ ሕሙማንን ወስዶ ይህን መንገድ በዘመኑ ከሚታወቅ መድኃኒት ጋራ አወዳድሮ፣ በ12 ሳምንት ውስጥ መንገዱ ከመድኃኒቱ እንደማያንስ በማሳየቱ ብዙ ሰው ፊቱን ወደዚህ ሕክምና አዞረ።

አምስተኛው መንገድ ደግሞ አንድን ሰው ለብቻው አያይም። ሳልቫዶር ሚኑቺን በአርጀንቲና የተወለደ ሐኪም ነበር፤ ከ1965 ጀምሮ በፊላደልፊያ የሕፃናት ሕክምና ቤት አስተዳዳሪ ሆኖ የድኾች ቤተ ሰቦችን ይረዳ ነበር። ሕፃኑ የታመመው ቤቱ ስለ ታወከ ሊሆን ይችላል በማለት ቤተ ሰቡን ሁሉ ባንድነት ያነጋግር ነበር። እንዲህ ያለው አካሚ የሒሳብ ሹማችንን ከባለቤታቸው ጋራ ይጠራቸዋል፤ ሹመቱ በቤታቸው ምን ለውጥ እንዳመጣ፣ በቤቱ ማን ከማን ጋራ እንደሚመክር ይመለከታል።

ከአካሚዎች መካከል ሕመሙን ራሳቸው የቀመሱም አሉ። የሥነ ልቡና ሊቅ የሆነችው ማርሻ ሊነሃን ራሳቸውን ለመጕዳት የሚነሡ ሰዎችን በማከም በዓለም የታወቀች ናት፤ መንገዷም በ1991 በወጣ ጥናት ተደግፏል። በ2011 እርሷም በ17 ዓመቷ በአእምሮ ሕክምና ቤት ተኝታ እንደ ነበር በይፋ ተናገረች። ይሁን እንጂ ዝናዋን ያገኘችው ስለ ታመመች ሳይሆን ያገኘችውን መንገድ በምርመራ ስለ ፈተነች ነው።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው? በ1977 ሜሪ ስሚዝና ጂን ግላስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን 375 ያህል ጥናቶችን ሰብስበው አመዛዘኑ። በንግግር ሕክምና የታከመ መካከለኛ ሰው ካልታከሙት ከ100 ሰዎች 75ቱን በጤና በልጦ ተገኘ። በመንገዶቹ መካከል ያለው ልዩነት ግን ጥቂት ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረገውም ምርመራ በአካሚውና በታካሚው መካከል ያለው መተማመን፣ በዓላማውም መስማማታቸው ለፈውሱ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ያሳያል። ነገር ግን ሁሉም ለሁሉ እኩል ነው ማለት አይደለም፤ እንደ ሒሳብ ሹማችን ያለ አንድ የተለየ ፍርሃት፣ ወይም እጅን ደጋግሞ እንደ መታጠብ ያለ አስገዳጅ ልማድ ሲሆን፣ ከተፈራው ነገር ፊት በልክ ማቆም ትልቅ ውጤት እንዳለው የታወቀ ነው።

ስለ ማዕረጎቹም ልዩነት በአጭሩ እንናገር። በአሜሪካ አገር የአእምሮ ሐኪም የሚባለው 4 ዓመት ሕክምና ተምሮ፣ 4 ዓመት ደግሞ በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ነው፤ መድኃኒት ማዘዝ ይችላል። የሥነ ልቡና ባለሙያው በዶክተርነት ማዕረግ የተመረቀ ሲሆን በምርመራና በንግግር ሕክምና ይሠራል። የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያና አማካሪ ደግሞ የማስተርስ ዲግሪ ይዘው፣ በዐዋቂ ተቈጣጣሪነት በሺህ የሚቈጠር ሰዓት ከሠሩ በኋላ ፈቃድ ያገኛሉ። ለአማካሪዎች በሕግ ፈቃድ መስጠት በቨርጂኒያ በ1976 ተጀምሮ በ2009 ካሊፎርኒያ ሲጨመር 50ውን ግዛት አዳርሷል።

በአገራችንም ኀዘንን ለሌላ ሰው ማካፈል እንግዳ ነገር አይደለም። የነፍስ አባትና የሰፈር ሽማግሌ ይህን ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ዛሬም ይሠራሉ። በትምህርት በኩል ደግሞ የአማኑኤል ሆስፒታል በአዲስ አበባ የአእምሮ ሕሙማንን ለብዙ ዘመን ሲያገለግል፣ የአእምሮ ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ግን ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። በ2003 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋራ በመረዳዳት ሥልጠናውን በአገር ውስጥ ጀመረ።

ሐኪሞቹ ጥቂት በሆኑበት አገር ምን ሊደረግ እንደሚቻል ዚምባብዌ አሳይታለች። የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ ለአውቶቡስ የምትከፍለው አጥታ ከሕክምናው የቀረች ታካሚ ከሞተችበት በኋላ፣ በ2006 በሐራሬ 14 አሮጊቶችን አሠለጠነ። እነርሱም በጤና ጣቢያው ግቢ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የመጣውን ሰው ያነጋግራሉ፤ ከችግሮቹ አንዱን እንዲመርጥ፣ የሚሞከር መፍትሔም እንዲያወጣ ይረዱታል። በ2016 የወጣው ጥናት በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ከ6 ወር በኋላ ከአሮጊቶቹ ጋራ የተነጋገሩት ከሌሎቹ ይልቅ ጭንቀታቸው እጅግ እንደ ቀነሰ አሳየ። አሮጊቶቹ ዲግሪ የላቸውም፤ ነገር ግን ሠልጥነዋል፣ ተቈጣጣሪ አላቸው፣ ከዐቅማቸው በላይ የሆነውንም ወደ ሐኪም ይልካሉ። ሦስቱ ከሌሉ ግን ደግነት ብቻ አይበቃም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ወደ አካሚ በሚሄዱበት ጊዜ ሳያፍሩ ይጠይቁ። ምን ተምረዋል? ፈቃድዎን የሰጠዎ ማን ነው? ይህን የመሰለ ችግር አክመው ያውቃሉን? የሚሠሩት በየትኛው መንገድ ነው? ስንት ጊዜ እንገናኛለን? መሻሻሌንስ በምን እናውቃለን? በጎ አካሚ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቈጣም። ምስጢሬ ወደ አለቃዬ ይደርሳልን ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። የታካሚን ምስጢር መጠበቅ የሥራው ሕግ ነው፤ ወሰኑ በሌላ ሰው ወይም በራስ ሕይወት ላይ አደጋ ሲመጣ ነው። በ1976 የካሊፎርኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታካሚው በሌላ ሰው ላይ ከባድ አደጋ እንደሚያደርስ የተረዳ አካሚ ያን ሰው ለመጠበቅ ግዴታ አለበት ብሎ ፈርዷል። አካሚው ይህን ወሰን በመጀመሪያው ቀን ሊያስረዳዎ ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሐኪም ማየት የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። የታይሮይድ ዕጢ ሕመም ጭንቀት መስሎ ልብን ሊያስመታ ይችላል። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ መብላትና መተኛት የተወ፣ ይልቁንም መኖር አልፈልግም የሚል ሰው ቢገኝ ነገ ዛሬ ሳይባል ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ብቻውንም አይተው።

የበታች ሠራተኞች ያሏችሁ አለቆች ደግሞ ይህን አስቡ። ትጉህ የነበረ ሰው ያለ ምክንያት ሥራውን ቢያጓድል፣ ከማስጠንቀቂያው ደብዳቤ በፊት በሩን ዘግታችሁ «ምን ሆነሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። የሒሳብ ሹማችን አለቃ ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ፣ ደብዳቤው ሳይጻፍ ሰውየው ከሚያክማቸው ዘንድ በደረሱ ነበር።